ስፒርጋን ስትገዙ እንዳትሸወዱ

በእስራኤሏ ናታንያ ከተማ፣ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ስፒርጋን (ውኃ ውስጥ ጦር እየወረወረ ዓሣ የሚያድን ጠመንጃ፣ አብዛኛው በላስቲክ የሚሠራ) ይዤ ሲያዩኝ አበሾች መጀመሪያ ይስቃሉ። «አንተ ደግሞ፣ የጎጃም ልጅ ከባሕር ምን አለህ?» ቀጥሎ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ነው? የቱ ይሻላል?» ይላሉ። መልሴ ይኸው። ግማሹን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

ረጅሙን መምረጥ

የመጀመሪያ ጠመንጃዬ 110 ሳንቲሜትር ነበር። ሱቅ ውስጥ ሳየው ልቤ ሄደ። ትልቅ ሎኩስ (እዚህ ግሩፐር የሚባለውን ዓሣ የሚጠሩበት ስም ነው) ተሸክሜ ስወጣ ሁሉ ታየኝ። ባሕሩ ግን ሌላ ነው። የእኛ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ማዕበል ሲነሳ አሸዋው ይታወክና ሦስት ሜትር አሻግሮ ማየት ብርቅ ይሆናል። ሎኩስ ደግሞ የሚውለው ቋጥኝ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እዚያ 110 ማዞር ጠባብ ማድቤት ውስጥ መሰላል እንደማዞር ነው። አፈሙዙ ድንጋይ ሲነካ ዓሣው ሰምቶ ውልቅ ይላል።

ለደፈረሰ ውኃና ለጉድጓድ 60 ወይም 75፣ ጠራ ሲል 90 ይበቃል። 110 እና ከዚያ በላይ ጥርት ላለ፣ ክፍት ባሕር ነው። ከቀይ ባሕር በስዊዝ ቦይ ገብቶ የተንሰራፋው አንበሳ ዓሣማ ለመሸሽም ይሰንፋል፤ ለእሱ 60ውም ይበዛበታል። እሾሁ መርዛም ስለሆነ ግን በእጃችሁ እንዳትነኩት።

ብዙ ሰው ረጅም እንዲገዛ የሚያደርገው ዓይኑ ነው። በጠፍጣፋ መነጽር ውኃ ውስጥ ሲታይ ነገር ሁሉ በአንድ አራተኛ ገደማ ቀርቦ፣ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ተልቆ ይታያል። 4 ሜትር ላይ ያለው ዓሣ 3 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ትተኩሳላችሁ፣ ጦሩ ሳይደርስ ይቀራል። «አጭር ነው» ብላችሁ ሌላ ትገዛላችሁ። ጠጋ ማለት በነፃ ነበር።

ላስቲክ ማብዛት

ጠንካራ ላስቲክ፣ ወይም ሁለት ላስቲክ፣ ሩቅ የሚወስድ ይመስላል። በቀጭን ጦር ላይ ከሆነ ግን ጦሩ ሲወረወር እንደ አለንጋ ይርገበገባል፣ ኢላማውን ይስታል። ቀላል ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ይረግጥና አፈሙዙ ይነሳል፤ ጦሩ ከዓሣው በላይ ያልፋል። ላስቲኩና ጦሩ ይመጣጠኑ። 75 ላይ 6.5 ሚሊሜትር ጦርና አንድ 16 ሚሊሜትር ላስቲክ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው።

ክንድን ሳይለኩ መግዛት

ጠመንጃው የሚጎረሰው ሰደፉን ደረት ወይም ዳሌ ላይ አስደግፎ፣ ላስቲኩን በሁለት እጅ ስቦ ነው። እጃችሁ የማይደርስ ከሆነ የዓለም ምርጥ ጠመንጃም ዱላ ነው። ሱቅ ውስጥ ሰደፉን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን ዘርጉና እዩ። ላስቲኩን ግን አትሳቡ። ስፒርጋን ከውኃ ውጭ አይጎረስም፣ አራት ነጥብ።

በላስቲክ ፋንታ በታመቀ አየር የሚሠራውን «አጭር ግን ኃይለኛ» ብሎ መውሰድ

እውነት ነው፣ ኃይለኛ ነው። ግን አየሩ ካፈተለከ የዕለቱ አደን አለቀ። ላስቲክ ከተበጠሰ ትርፉን አውጥታችሁ በደቂቃ ትቀይራላችሁ። ለጀማሪ ላስቲኩ።

ብሩን ሁሉ ጠመንጃው ላይ መጨረስ

ልክ የሆነ መነጽር፣ የክብደት ቀበቶ፣ ጀልባ እንዳይረግጣችሁ የሚንሳፈፍ ምልክት ያስፈልጋል። ፈቃድም እንደዚያው። እንደ ኤላት የኮራል ጥብቅ ስፍራ ባሉ ቦታዎች ዓሣ ማደን ክልክል ስለሆነ የት እንደምትጠልቁ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ያገለገለውን ሳይፈትሹ መቀበል

አንድ ወዳጄ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት መጣ። ላስቲኩን ለጠጥ ሳደርገው ፀሐይና ጨው የጨረሱት ጎማ እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። እሱ ግድ የለም፣ ይቀየራል። ጦሩን «ቀጭ» እስኪል ከትቼ ምላጩን ሳልነካ በእጄ ጎተት ሳደርገው ግን ወጣ። ጦሩን ቆልፎ የሚይዘው ጥርስ ተበልቷል ማለት ነው። ያ ጠመንጃ ቢጎረስ ኖሮ መቼና ወደማን እንደሚተኩስ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በማግስቱ መለሰው።