ኔትወርክ ፍለጋ በረንዳ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ቤት ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

እማዬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምትኖረው። ለረጅም ጊዜ ስደውልላት «ማግኘት አይችሉም» የሚል ድምፅ ነበር የሚመልስልኝ። ልቤ ስንት ጊዜ ተሰቅሏል! ደም ብዛት አለባት፣ ብቻዋን ነች። ጎረቤት ጋ ደውዬ በር አስንኳኩቻለሁ። ስትከፍት ሰላም ነች። ስልኳ መኝታ ቤት ኮመዲኖው ላይ ነው፤ ግን አልጠራም።

መጀመሪያ ስልኩ ነው ብለን ስልክ ቀየርን። ከዚያ ሲም ቀየርን። ቀጥሎ ገንዘብ አውጥተን ዕቃ ገዛን። አንዱም አልሠራም። ችግሩ የተፈታው አንድ ቅዳሜ ስልክ ይዤ ቤቷን ክፍል በክፍል የዞርኩ ቀን ነው። ያን ቀን የገባኝን፣ ከዚያ ወዲህም በጓደኛና በዘመድ ቤት ደጋግሜ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመስመሮቹ ብዛት መፍረድ

ስልኩ አናት ላይ ደረጃ ሠርተው የሚታዩት መስመሮች መለኪያ አይደሉም። ስንት መስመር መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ስልኩን የሠራው ኩባንያ ነው፤ ሁሉም የሚገዛበት ደንብ የለም። ሁለት ስልክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያው ኔትወርክ በአንዱ ሦስት መስመር፣ በሌላው አንድ ሊሆን ይችላል። «የእሱ ይይዛል፣ የኔ አይዝም» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

እውነተኛው መለኪያ ዲቢኤም የሚባለው፣ የኔትወርኩን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ «አባውት ፎን» የሚለውን፣ ከዚያ የሲሙን ስታተስ ክፈቱ። በብዙ አንድሮይዶች *#*#4636#*#* መጻፍም ያደርሳል። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ።

ቁጥሩ ሁልጊዜ የመቀነስ ምልክት ስላለው -85 ከ-110 ይሻላል። 4ጂ ላይ -90 ወይም ከዚያ የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው። -100 ላይ ሥራ ይሠራል። ከ-110 ከባሰ ጥሪ መቆራረጥ ይጀምራል፤ -120 አካባቢ ስልኩ ይዞ አይቆይም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የ10 ቁጥር ልዩነት ማለት የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። 20 ከሆነ 100 እጥፍ። 3 ቁጥር ብቻ እንኳ ኃይሉን እጥፍ ያደርገዋል። ስትለኩ 4ጂን ከ4ጂ ጋር ብቻ አወዳድሩ፤ የ2ጂና የ3ጂ አለካክ ይለያል።

«ቤታችን ኔትወርክ የለውም» ብሎ መደምደም

እማዬ ቤት ያገኘሁት ይኸውላችሁ። መኝታ ቤት ኮመዲኖው ላይ -117። ኮሪደሩ -112። ሳሎን ሶፋው ጋ -109። ኩሽና መስኮቱ ደፍ ላይ -98። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ከኮመዲኖው እስከዚያ መስኮት ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው። ልዩነቱ 19 ነው፤ ማለትም 80 እጥፍ ገደማ።

«ምን ትዞራለህ ልጄ፣ አረፍ በል እንጂ» አለችኝ ሽንኩርት እየከተፈች።

«እማዬ፣ ለስልክሽ ቦታ አገኘሁለት» አልኳት።

አለካኩ ቀላል ነው። ስልኩን አስቀምጣችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ቁጥሩ ወዲያው አይረጋም። ሁሉንም መስኮት ሞክሩ። ቁምሳጥን አናት ላይና መሬት ላይ ያለው እንኳ ይለያያል። ያገኛችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጉዳዩ ያለው ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ነው። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ሞገዱን ይበላዋል። ቆርቆሮ ጭራሽ አያሳልፍም፣ መልሶ ይወረውረዋል። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚገባው በበርና በመስኮት ነው ማለት ይቻላል። እርጥብ ግድግዳ ከደረቅ ይብሳል። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ የምናየው የሚያንጸባርቅ መስታወት ደግሞ ስስ የብረት ቅብ አለው። ብርሃኑን ያስገባል፣ ኔትወርኩን ውጭ ያስቀራል። እንዲህ ዓይነት ቢሮ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ቁጥሩን እያያችሁ መስኮቱን ክፈቱት፤ ዓይናችሁ እያየ ይለወጣል።

ፍሪኩዌንሲውም ድርሻ አለው። 900 ሜጋኸርዝ ከ1800 እና ከ2100 ይልቅ ግድግዳ ያልፋል። ወደ ውስጥ ክፍል ስትገቡ 4ጂው ጠፍቶ ያቺ የ2ጂ ምልክት የሆነች «ኢ» የምትል ፊደል ብቻ የምትቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥሩ ቦታ አግኝቶ ስልኩን ይዞ መመለስ

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው መስኮቱ ጋ እንደሚይዝ ያውቃል። ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ ያወራና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ሶፋው ይመለሳል። የሚቀጥለው ጥሪ አይገባም።

ስልኩን እዚያው አስለምዱት። ለእማዬ ኩሽናው መስኮት ላይ ትንሽ መደርደሪያ ሠራንላት። ቻርጀሩም እዚያው ነው። የጥሪውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግንላት። አሁን መኝታ ቤት ሆና ይሰማታል፣ ሄዳ ታነሳለች። ብሉቱዝ ማዳመጫ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ስልኩን መስኮት ላይ ትቶ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ማውራት ይችላል።

ለኢንተርኔት ከዚህም ይቀላል። መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ የ4ጂ ስልክ አይጠፋም። ሲም አስገቡበት፣ መስኮቱ ላይ ቻርጅ ላይ አድርጉት፣ ሆትስፖት ክፈቱ። ከመስኮቱ እስከ መኝታ ቤት ያለውን መንገድ ዋይፋዩ ይጨርሰዋል። ሲም የሚገባበት ራውተር ካላችሁም እንዲሁ ነው። የቤቱን መልክ እንዳያበላሽ ተብሎ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቡፌው ውስጥ ይደበቃል፤ ከዚያ «ራውተሩ ደካማ ነው» ይባላል። አውጡት፣ መስኮት ላይ አድርጉት። ብቻ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው፤ ባትሪ በሙቀት ያብጣል።

ስልኩን 4ጂ ላይ መቆለፍ

ይህን ምክር ቲክቶክ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በዚያው በ4636 ገብታችሁ «ኤልቲኢ ብቻ» (4ጂ ብቻ ማለት ነው) የሚለውን ምረጡ ይላል። ኢንተርኔቱ ሊሻል ይችላል። ግን ጥሪ በ4ጂ እንዲያልፍ ስልኩም፣ ሲሙም፣ ኔትወርኩም ቮልቲኢ የሚባለውን አገልግሎት መደገፍ አለባቸው። አለበለዚያ ስልኩ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረድ አለበት። ከቆለፋችሁት መውረጃ የለውም። እናንተ ዩቲዩብ እያያችሁ ነው፣ የሚደውልላችሁ ሰው ግን «ማግኘት አይችሉም» እየተባለ ነው። አውቶ ላይ መልሱት።

እንዲያውም ስልክ ለጥሪ ብቻ ለሚጠቀሙ ትልልቅ ሰዎች፣ 4ጂው በጣም በደከመበት ቤት ተቃራኒውን አድርጌ አውቃለሁ፤ 2ጂ ላይ አደርግላቸዋለሁ። ስልኩ በደካማው 4ጂና በ2ጂ መካከል ሲመላለስ ባትሪውን ከመጨረስ ያርፋል።

ቡስተር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ

ቡስተር ኔትወርክ ያጎላል ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ እኛም ገዝተናል። ሻጩ «ሙሉ ያደርግልሃል» አለኝ። በእርግጥ መስመሮቹ ሞሉ። ጥሪው ግን ያው ይቆራረጣል።

ቡስተር ሦስት ክፍል አለው፦ ውጭ የሚሰቀል አንቴና፣ መሃል ላይ ማጉያ፣ ቤት ውስጥ ሌላ አንቴና። ከባዶ ኔትወርክ አይፈጥርም፤ ውጭ ያለውን ያጎላል እንጂ። ጣሪያው ላይም ከሌለ የሚያጎላው የለውም። ያለው የተበላሸ ከሆነ ብልሽቱንም አብሮ ያጎላዋል። መስመሩ ሞልቶ ጥሪው የማይሻለው ለዚህ ነው።

የከፋው ደግሞ ሁለቱ አንቴናዎች ሲቀራረቡ ነው። ሠርግ ላይ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ የሚጮኸውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ቡስተርም እንደዚያ ይሆናል። ቤት ውስጥ የለቀቀውን ውጭ ያለው አንቴና ይሰማዋል፣ መልሶ ያጎላዋል፣ እንደገና ይሰማዋል። ለኛ ጆሮ ድምፅ የለውም። ታወሩ ግን ይሰማዋል፤ የሰፈሩ ሰው ጥሪ ሁሉ ይረበሻል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዱን አንቴና በረንዳ፣ ሌላውን ሳሎን ስታደርጉ መሃላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። እኛ ያደረግነው ልክ ይህንኑ ነበር። ያስቸገርናቸውን ጎረቤቶች ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

አገሮች ይህን ዕቃ በሕግ የሚቆጣጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ያጸደቀውን ብቻ፣ ያውም ለስልክ ኩባንያው አስመዝግቦ ነው የሚጠቀሙት። እኛ አገር ዘርፉን የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሞገዱ ለኦፕሬተሩ፣ ማለትም ለስልክ ኩባንያው፣ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃው የተፈቀደ መሆኑን፣ ኦፕሬተራችሁም መስማማቱን አረጋግጡ። ሻጩ ለዚህ መልስ ከሌለው አትግዙ።

ራውተር ላይ ውጫዊ አንቴና መግጠም ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሞገዱን ቤት ውስጥ መልሶ አይለቅም፤ ያገኘውን ለራውተሩ ብቻ ነው የሚሰጠው። የገጠር ቤት ላይ በጣም ይጠቅማል። ብቻ ኬብሉ ይጠር። ቀጭን ኬብል በረዘመ ቁጥር ጣሪያ ላይ ያገኛችሁትን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ኔትወርክ እንጨምራለን የሚሉትን አፖችና ስልኩ ጀርባ የሚለጠፉትን ስቲከሮች እርሷቸው። አፕ የስልኩን አንቴና ማሳደግ አይችልም። ቢበዛ ኔትወርኩን አጥፍቶ ያበራል፤ ይህን ደግሞ ኤርፕሌን ሞድ በነጻ ይሠራዋል። የብረት ወይም ማግኔት ያለበት ከቨር ካላችሁ አውልቃችሁ ለኩ።

ሲሙንና ስልኩን አለመጠርጠር

በ3ጂ ዘመን የወጣ ሲም 4ጂ ላይያዝ ይችላል። እንደዚህ ከሆነ ቁጥራችሁን ሳትቀይሩ ሲሙን ብቻ አስቀይሩ። ሁለት ሲም በሚይዙ አንዳንድ አሮጌ ስልኮች ደግሞ ሁለተኛው ቦታ 2ጂ ብቻ ነው። ሲሙን አንደኛው ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ከውጭ የሚላክ ስልክ ሌላ ጣጣ አለው። ዘመድ አሜሪካ ከሚገኝ ኩባንያ በቅናሽ ገዝቶ ይልካል፣ እዚህ ሲደርስ 4ጂ አይዝም። እኛ ጋ 4ጂ ከሚሠራባቸው አንዱ 1800 ሜጋኸርዝ ነው፤ የአሜሪካ ኩባንያዎች ግን አይጠቀሙበትም። ለዚያ ገበያ ብቻ የተሠራ ርካሽ ስልክ ላይ ላይኖር ይችላል። ላኪው ከመግዛቱ በፊት የስልኩን ሞዴል ጠይቃችሁ «ባንድ 3» (የዚሁ 1800 ሜጋኸርዝ መጠሪያ) መኖሩን እዩ። ለኩባንያው የተቆለፈ አለመሆኑንም አስጠይቁ።

ኦፕሬተርንም አንድ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ቀርቷል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫ አለ። የሌላኛው ሲም ያለውን እንግዳ ወይም ጎረቤት ጥሩና እናንተው መስኮት ላይ ለኩ። የአንዱ ታወር ከጀርባችሁ፣ የሌላው ፊት ለፊታችሁ ሊሆን ይችላል።

ዝናቡን መውቀስ

የሞባይል ኔትወርክ በሚሠራባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ዝናብ ራሱ ብዙ አይጎዳም። ዝናብ ሲመጣ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ነው። ታወሩ በባትሪ ይቆያል፤ ባትሪው ሲያልቅ ጄኔሬተር ከሌለው ይጠፋል። ታወሮች እርስ በርስ የሚገናኙበት ማይክሮዌቭም በኃይለኛ ዝናብ ሊዳከም ይችላል። ሁለቱም ቢሆኑ እናንተ ቤት የሚጠገኑ አይደሉም።

መጨናነቅም እንዲሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቁጥሩ -85 ሆኖ ኢንተርኔቱ ካልሄደ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደግሞ የሚበር ከሆነ፣ ችግሩ ታወሩ ላይ ያለው የሰው ብዛት ነው። አንቴና ብትገዙ ለውጥ አታዩም።

ዋይፋይ ኮሊንግን መርሳት

ይህ በተለይ ውጭ ላላችሁ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ቤዝመንት ተከራይተው ስልክ አይዝም የሚሉ ብዙ ወገኖች አውቃለሁ። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚል አለ፤ አብሩት። መደበኛው ጥሪ በቤቱ ኢንተርኔት በኩል ይገባል። ሲከፈት የሚጠይቃችሁን የመኖሪያ አድራሻ በትክክል ሙሉ። ቤት ስትቀይሩም አስተካክሉት። በዋይፋይ 911 ብትደውሉ አምቡላንሱ ወደዚያ አድራሻ ሊላክ ይችላል።

«ኔትወርክ የለም» ብቻ ብሎ ማመልከት

ሁሉንም ሞክራችሁ ምርጡ መስኮት ላይ እንኳ ከ-110 ካልተሻለ፣ ውጭ ደጃፍ ላይም ያው ከሆነ፣ የሽፋን ችግር ነው። ኦፕሬተሩ ማወቅ አለበት። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውሉ። «ኔትወርክ የለም» ማለት አይበቃም። ሰፈሩን፣ የብሎኩን ቁጥር፣ ፎቁን፣ የሚጠፋበትን ሰዓት፣ ውስጥና ውጭ የለካችሁትን ቁጥር፣ 4ጂ ይሁን 3ጂ ንገሯቸው። ያነጋገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የአቤቱታ ቁጥር ካለ ተቀበሉ። ጎረቤቶቻችሁም የየራሳቸውን ለክተው እንዲደውሉ አድርጉ።