ውሻዬ ይጎትታል ብላችሁ ማሰሪያ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦቢ 28 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ቀን ጠዋት ድመት አይቶ ሲወነጨፍ ገመዱ የመዳፌን ቆዳ ልጦት ሄደ። የዚያኑ ዕለት ማታ፣ እጄን በፋሻ እንደጠቀለልኩ፣ "መጎተት ያስቆማል" የተባለ ነገር ሁሉ ስፈልግ አመሸሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ዓይነት ማሰሪያ ገዛሁ። እያንዳንዱ ለሳምንት ያህል የሠራ ይመስላል፤ ከዚያ ቦቢ ይለምደውና ወደ ጉተታው ይመለሳል። ጥፋቱ የማሰሪያዎቹ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሦስቱም ደህና ዕቃዎች ነበሩ። አጠቃቀማቸውን ነው ያላወቅኩት።

እዚህ የምጽፈው እኔ ራሴ የሠራኋቸውን፣ ሌሎች የውሻ ባለቤቶችም ሲሠሯቸው ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ነው።

ማሰሪያው ያስተምርልኛል ብሎ መጠበቅ

ዋናው ይሄ ነው፤ ከሌሎቹም ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ውሻ የሚጎትተው እልኸኛ ስለሆነ ወይም አለቃ ልሁን ስላለ አይደለም። መጎተት ስለሚያዋጣው ነው። እርምጃው ከእኛ ይፈጥናል፣ ዛፉ ጋ የሚሸተት ነገር አለ፣ ይጎትታል፣ እኛም እየተጎተትን እንከተላለን፣ ዛፉ ጋ ይደርሳል። ለእሱ ነገሩ ግልጽ ነው፦ የሚኬደው ገመዱ ሲወጠር ነው። ይህን ደግሞ እኛው ነን በየቀኑ ያስተማርነው።

ሃርነስም (እንደ ልብስ ደረቱንና ጀርባውን የሚይዘው ማሰሪያ) ሆነ ሌላ መሣሪያ የውሻውን ጉልበት ይቀንስላችኋል፣ ትከሻችሁን ያድንላችኋል፣ ለማስተማር ፋታ ይሰጣችኋል። ማስተማሩ ግን የእናንተ ነው። ትምህርቱም አንድ ነው፦ ገመዱ ሲላላ እንሄዳለን፣ ሲወጠር እንቆማለን።

በተግባር እንዲህ ነው። ገመዱ ሲወጠር ቀጥ በሉ። መልሳችሁ አትጎትቱት፣ አትጩኹበት፣ ስሙንም ደጋግማችሁ አትጥሩ። መጀመሪያ ወደፊት ይገፋል። ከዚያ ምን ሆኑ ብሎ ግራ ይገባዋል። ከዚያ አንዱ ጆሮው ወደ ኋላ ዞር ይላል፣ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ያዛውራል፣ ገመዱ መሃሉ ላይ ትንሽ ይረግባል። የምትፈልጓት ቅጽበት ያቺ ናት። "ጎበዝ!" በሉትና ወዲያው ተራመዱ። በመጀመሪያው ቀን ከበራችሁ ሃያ ሜትር ሳትርቁ ሰዓታችሁ ሊያልቅ ይችላል። ምንም አይደለም፤ ያን ቀን ሃያ ሜትር በላላ ገመድ ከሄዳችሁ ብዙ ተምሯል። ቆሞ መጠበቁ ካልሠራላችሁ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ዞራችሁ በሌላ አቅጣጫ ሂዱ፤ ሲከተላችሁና አጠገባችሁ ሲደርስ አመስግኑት።

"ዛሬ ብቻ ቸኩያለሁ"

የእኔን ወራት የበላብኝ ይሄኛው ነው። ቅዳሜና እሑድ በትዕግሥት አስተምራለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይረፍድብኛልና እየጎተተኝ እንሮጣለን። ምን ችግር አለው፣ አንድ ቀን አይደል? ችግር አለው። አንዳንዴ የሚሳካ ነገር ሁልጊዜ ከሚሳካ ነገር የበለጠ ሥር ይሰዳል። ቁማርተኛን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው አልፎ አልፎ ማግኘቱ እንደሆነ ሁሉ፣ ከአሥር ጉተታ አንዱ የሚሳካለት ውሻም አሥራ አንደኛውን መሞከሩ አይቀርም።

ሰው ደግሞ መቸኮሉ አይቀርም። ለዚህ የረዳኝ መፍትሔ ሁለት ልብስ መለየት ነው። ለትምህርት ሰዓት ደረቱ ላይ ቀለበት ያለውን ሃርነስ አለብሰዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደንቡ ያለ ምንም ድርድር ይከበራል። ስቸኩል ግን ሌላ ሃርነስ፣ ጀርባው ላይ የሚታሰር፣ አለብሰውና ቢጎትትም አልቆጣውም። ውሾች እንዲህ ያለውን ልዩነት በደንብ ይለያሉ። በዚህ ልብስ ይጎተታል፣ በዚያኛው አይጎተትም፤ ቦቢ በሦስት ሳምንት አካባቢ ነገሩን ያዘው። ቤተሰብ ካላችሁም ይህን ለሁሉም ንገሩ። እናንተ እየቆማችሁ ወንድማችሁ እየተጎተተ የሚሄድ ከሆነ ድካማችሁ መና ነው።

ሃርነስ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ጀርባ ላይ የሚታሰረው ሃርነስ ክብደቱን ደረቱ ላይ ስለሚያከፋፍለው አንገቱ አይታነቅም። ለጤናው ጥሩ ነው። ግን መጎተትን አይቀንስም፤ እንዲያውም ያመቻቻል። በበረዶ ላይ ጋሪ የሚስቡ ውሾች የሚለብሱት ከኋላ የሚያያዝ ሃርነስ ነው፣ በሙሉ ደረታቸው እንዲገፉ። ለመጎተት ችግር የሚረዳው ገመዱ ፊት ለፊት፣ ደረቱ መሃል ላይ የሚያያዘው ነው። ውሻው ሲወነጨፍ ሰውነቱ ወደ ጎን፣ ወደ እናንተ ይዞራልና ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ አይችልም።

ልክ ያልሆነ ማሰሪያ

ከሰውነቱና ከማሰሪያው መሃል ሁለት ጣት ጠፍጣፋውን መግባት አለበት። ከዚያ ከላላ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ መዘዙን አስቡት። ከጠበቀ ይፈገፍገዋል። በየቀኑ ስታወልቁለት የፊት እግሮቹን ብብት ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ፀጉሩ ከሳሳ ወይም ቆዳው ከቀላ ማሰሪያው እየጎዳው ነው። የደረት ቁራጩ ትከሻው ላይ በአግድም ካረፈም እርምጃውን ስለሚይዘው፣ ትከሻውን ነጻ የሚተው ቅርጽ ምረጡ። ቡችላ ካላችሁ በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ለኩ፤ ያድጋሉ። ቤት ስትገቡ አውልቁለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊት ለፊት የሚታሰር ሃርነስ አንዳንድ ውሾች ላይ ይንሸራተታል። አጭር ማያያዣ ገዝታችሁ ሃርነሱን ከአንገት ማሰሪያው ጋር ብታገናኙት አንዱ ቢወልቅ ሌላው ይይዘዋል።

የራስ ማሰሪያን በአንድ ቀን ማልበስ

አፍንጫው ላይ የሚያርፈውና ከጆሮው ኋላ የሚቆለፈው ማለቴ ነው። ሐሳቡ ፈረስን በጭንቅላቱ እንደምንመራው ነው፤ ራሱ ወደ ዞረበት ሰውነቱ ይከተላል። ውሻው ከባለቤቱ ጉልበት በላይ ሲሆን በጣም ይረዳል። ብዙ ሰው ግን ከካርቶኑ አውጥቶ ያለብሰውና ቀጥታ ወደ ውጭ ይወጣል። ውሻው በእጁ ይቧጥጠዋል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ፊቱን ከሣር ጋር ይፈትጋል፤ ባለቤቱም "ይሄ ነገር አይሆነውም" ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ያለማመድኩት ከወራት በኋላ እንደ አዲስ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን የአፍንጫውን ቀለበት በእጄ ከፍቼ እይዛለሁ፣ በሌላኛው እጄ ከቀለበቱ ማዶ ቁራሽ ሥጋ። ሥጋውን ለመብላት ራሱ አፍንጫውን ያስገባል። አላስገባለትም፣ አልቆልፍም። በሦስተኛው ቀን ለአንድ ሰከንድ ቆልፌ አወለቅኩ። ከዚያ አምስት ሰከንድ፣ ከዚያ ምግቡን እየበላ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለ ገመድ። ውጭ የወጣነው ከአሥር ቀን በኋላ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሊቧጥጠው አልሞከረም።

ይህን ማሰሪያ በጭራሽ በድንገት አትንጠቁ። ጭንቅላቱ በኃይል ሲጠመዘዝ አንገቱ ይጎዳል። በዚሁ ምክንያት ከረጅም ገመድ ጋር አታያይዙት፤ ውሻው ሮጦ ገመዱ ሲያልቅ ጭንቅላቱን ነው የሚመልሰው። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ላለ ዝርያዎችም አይሆንም፣ የሚይዘው ቦታ የለውምና። የአፍ መዝጊያም አይደለም፤ ውሻው አፉን ከፍቶ ማለክለክና መብላት መቻል አለበት።

ራሱ የሚጠቀለል ገመድ

ስለዚህ ብዙ አልልም። ስፕሪንጉ ገመዱን ሁልጊዜ ወጥሮ ስለሚይዘው፣ ውሻው ርቀት ለማግኘት የግድ መሳብ አለበት። ላላ ያለ ገመድ ምን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ ጣት ላይ ሲጠመጠምም ክፉኛ ይቆርጣል። ለትምህርት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሆነ ተራ ገመድ ይበቃል።

በሕመም ማስቆም

አናቂ ሰንሰለት፣ ወደ ውስጥ የሚወጋ ጥርስ ያለው ማሰሪያ፣ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ። አንዳንዱ ውሻ በእነዚህ መጎተት እንደሚያቆም አልክድም። የሚያቆመው ስለሚያመው ነው። ችግሩ ደግሞ ውሻ ሕመሙን ከጉተታው ጋር ብቻ ላያያይዘው ይችላል። ሌላ ውሻ አይቶ በደስታ ይወነጨፋል፣ አንገቱን ያመዋል፤ ይሄ ሲደጋገም የሚማረው "ሌላ ውሻ ሲመጣ ያመኛል" የሚለውን ሊሆን ይችላል። ተግባቢ የነበረ ውሻ ከወራት በኋላ ውሻ ባየ ቁጥር መጮህና ማጉረምረም ሲጀምር አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

አካላዊ ጉዳቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ውሻ በአንገት ማሰሪያ ሲጎትት ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እንደሚጨምር፣ በሃርነስ ሲሆን ግን ያን ያህል ለውጥ እንደሌለ አሳይቷል። የትንንሽ ዝርያዎች የአየር ቧንቧም በቀላሉ ይጎዳል። ዌልስ የኤሌክትሪክ ማሰሪያን እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ከልክላለች። እኔ በበኩሌ ሌላ መንገድ እያለ ወደዚህ አልሄድም፣ ማንንም አልመክርም።

ሽልማቱን በተሳሳተ ቦታ መስጠት

ይህን ያሳየችኝ አንዲት አሠልጣኝ ናት። ቁራሹን ሁልጊዜ ከፊት ለፊቴ ዘርግቼ ነበር የምሰጠው። ቦቢም በየሦስት እርምጃው ከፊቴ ይደነቀርና እደናቀፋለሁ። ውሻ ምግቡ ወደሚገኝበት ቦታ ይሄዳል። በግራችሁ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ በግራ እጃችሁ፣ ከሱሪያችሁ ስፌት ጎን፣ አፉ በሚደርስበት ከፍታ ስጡት። መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይሁን። ፍጥነቱም ወሳኝ ነው፦ ገመዱ በላላበት ሰከንድ እንጂ ኪስ ስትፈትሹ ቆይታችሁ፣ እሱ እንደገና ከወጠረ በኋላ አይደለም።

ምግብ ብቻም አይደለም ሽልማቱ። ያ ዛፍ ራሱ ሽልማት ነው። አምስት እርምጃ በላላ ገመድ ከሄደ "ሂድ፣ አሽት!" በሉትና አብራችሁት ወደ ዛፉ ሂዱ፣ እስኪበቃውም ያሽት።

በከባዱ ቦታ መጀመር

ሰውና መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ ላይ አዲስ ነገር አይማርም። ሳሎን፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ ጭር ያለ መንገድ። ከበር ሲወጣ እንደ ጥይት የሚተኮስ ከሆነ ትምህርቱ ከበሩ ይጀምር፤ ገመዱ እስኪላላ በሩ አይከፈትም። ድሮ የማይጎትት ውሻ ድንገት መጎተት ከጀመረ፣ ወይም ጅራቱን ቆልፎ ወደ ቤት የሚጎትት ከሆነ ግን ነገሩ ፍርሃት ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ይየው።

መሣሪያውን በአንዴ መጣል

ሁለት ሳምንት ጥሩ ሄደ ብለን አወለቅን፣ በማግሥቱ እንደ ድሮው ሆነ። የሚሻለው ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ ነው፤ አንዱ ሃርነሱ ላይ፣ ሌላው ተራው የአንገት ማሰሪያ ላይ። በአንገቱ በኩል ያለውን እያላላችሁ ምሩት፣ ሃርነሱ የሚሠራው ሲወነጨፍ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ የጉዞውን የመጨረሻ አምስት ደቂቃ፣ ደክሞት በተረጋጋበት ሰዓት፣ በአንገት ማሰሪያ ብቻ ሞክሩ። ከዚያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሹን።

ከቦቢ ጋር ይህ አምስት ወር ያህል ፈጅቷል። አሁን በብዙ መንገድ በተራ የአንገት ማሰሪያ አብረን እንሄዳለን። ድመቶቹ በሚውሉበት በኩል ስናልፍ ግን ሃርነሱን ዛሬም አለብሰዋለሁ።