ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ስለ አጥንቱ ሐኪሙን እንዴት ይጠይቅ?

ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለኩላሊት ሕመም ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ) የታዘዘለት ሰው ቀጠሮው ሲደርስ የሚታይለት ያው ሕመሙ ነው። የአጥንቱን ነገር ራሱ ካላነሳው ተረስቶ ይቀራል። መድኃኒቱ ደግሞ አጥንትን በፍጥነት የሚያሳሳው በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ነው፤ ያውም ሳያሳምም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። ብዙ ሰው «ያችን ትንሿን ነጭ ኪኒን ነው የምውጠው» ብሎ ያልፋል፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ግን በቀን ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ወር የሚለውን ነው። ባለ 5 ሚሊግራሙን ጠዋት ጠዋት 2 ፍሬ የሚውጥ ሰው 10 ሚሊግራም ይወስዳል። መጠኑ ሲወጣ ሲወርድ ከከረመ በየወሩ ለዩት፦ «ኅዳርና ታኅሣሥ 4 ፍሬ፣ ጥር 2፣ ከየካቲት ወዲህ 1»። በቀን 2.5 ሚሊግራም እንኳ 3 ወር ከሞላው ስለ አጥንት ያስጠይቃል። የምትወስዱት ሌላው ስቴሮይድ ዴክሳሜታሶን ከሆነ በቁጥሩ ማነስ አትታለሉ፤ 0.75 ሚሊግራሙ ከ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር እኩል ነው። ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጻፉ። ሐኪሙ ይቆጣል ብሎ መደበቅ ሒሳቡን ያበላሻል። ደብረ ማርቆስ ሲታከም የቆየ ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ ሌላ ሐኪም ቢያየው ይህች ወረቀት ብዙ ታግዛለች። የኪኒኑን ማሸጊያም ያዙ።

ቁመታችሁን ለኩ፦ ጫማ አውልቃችሁ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ ነክቶ፣ ሌላ ሰው መጽሐፍ አናታችሁ ላይ አጋድሞ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ከወጣትነት ቁመታችሁ 4 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ የጀርባ አጥንት ሳይታወቅ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። በቀላል መውደቅ የደረሰ ስብራት፣ የእናት ወይም የአባት ዳሌ መሰበር፣ ከ45 ዓመት በፊት የቆመ የወር አበባ፣ ሲጋራና አረቄ እዚያው ወረቀት ላይ ይግቡ።

ወረቀቱን ገና ስትቀመጡ አውጡ፤ ስትወጡ በር ላይ የሚነሳ ጥያቄ መልሱም የበር ላይ ነው። «መጠኑ ሊቀነስልኝ ይችላል?» «የአጥንት መድኃኒት ያስፈልገኛል?» በሉ። የአጥንት ጥግግት መለኪያ በየሆስፒታሉ አይገኝምና «ማሽኑ ከሌለ በምን ይወሰናል?» ብላችሁ ጨምሩ፤ በዕድሜ፣ በመድኃኒቱ መጠንና በቀድሞ ስብራት ተመሥርቶም ሊወሰን ይችላል። ካልሲየም ከምግብ ጭምር በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ይፈለጋል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ያለ ወተትና ያለ አይብ ስለሚያልፍ ጿሚ መሆናችሁን ንገሩ፤ በኪኒን ይሟላ እንደሆነ፣ ቫይታሚን ዲም ስንት እንደሚጨመር ያስሉላችሁ።

አጥንቴን ጎዳው ብላችሁ ግን በራሳችሁ አታቁሙ። መድኃኒቱ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚያቆም በድንገት ሲቋረጥ ድካም፣ ትውከትና የደም ግፊት መውረድ ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። ጸበል ስትሄዱም ኪኒኑ ከሻንጣችሁ አይጉደል።