ሸንተረርን በሌዘርና በሌሎች ሕክምናዎች አጣምሮ ለማከም ሲታሰብ የሚሠሩ ስህተቶች

ከድሬዳዋ ለሌዘር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የሚያስቡ ሴቶች፣ እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ «በአንድ ጉዞ ሁሉንም ባስጨርሰው ምን አለበት?» የሚል ነው። ከኪስ አንጻር ሲታይ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ሁሉ ወጪ ነውና። ከቆዳ አንጻር ግን ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ችኮላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሸንተረሩን ያመጣውን ነገር ሳያቆሙ ሕክምና መጀመር ነው። ሸንተረር ከላይ የተጫረ መስመር ሳይሆን፣ ከላይኛው ሽፋን ሥር ባለው የቆዳ ክፍል ኮላጅንና ኢላስቲን የተባሉት ክሮች ሲበጠሱ የሚቀር ጠባሳ ነው። እርግዝና፣ በጉርምስና ወቅት በድንገት መርዘምና በአጭር ጊዜ መወፈር የታወቁት መነሻዎች ናቸው። ብዙም የማይወራለት ሌላ መነሻ ደግሞ ሰውነት ያቀላል ተብሎ የሚቀባው ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ነው። አንዲት ወጣት የታፋዋን ሸንተረር በስልኳ አሳይታኝ «ሌዘሩ ይሻለኛል ወይስ መርፌው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እህቴ፣ ሰውነትሽን ምን ትቀቢያለሽ?» ስላት ከቦርሳዋ አንድ ቱቦ አወጣች፤ እስከ አንገቱ ድረስ ተጠቅልሎ ሊያልቅ የተቃረበ ሲሆን፣ ጥቅልሉን ዘርግተን ስናነበው በደቃቅ ፊደል «ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ» ይላል። ክሎቤታሶል ከሚቀቡት ስቴሮይዶች መካከል እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፣ በተለይ በታፋና በብብት አካባቢ ሰፋፊ ሸንተረር ያወጣል። እርሱን እየቀቡ ሌዘር መሠራት በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ልማድ ከሆነ ግን በአንድ ቀን መጣሉም ቆዳን ስለሚያስቆጣ፣ የሚቆምበት መንገድ ራሱ በቆዳ ሐኪም መመራት አለበት።

ሁለተኛው፣ አዲሱንና አሮጌውን ሸንተረር አለመለየት ነው። አዲሱ ቀላ ወይም ወይን ጠጅ ይላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ደረጃ የደም ሥሮቹ ገና ስላልከሰሙ ለሕክምና የተሻለ ምላሽ ይሰጣል፤ 0.1 በመቶ ትሬቲኖይን ክሬም የሚረዳውም በዚህ ጊዜ ነው። ትሬቲኖይን በእርግዝና ወቅት አይቀባም፤ የምታጠባ እናትም ሐኪሟን ሳታማክር መጀመር የለባትም። ነጣ ያለው አሮጌ ሸንተረር በአንጻሩ ኮላጅንን ከሥር የሚያነቃቃ ሕክምና ይፈልጋል። ወራት ያስቆጠረውንና ዓመታት ያስቆጠረውን በአንድ ዓይነት ፓኬጅ ማከም ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ስህተት የማሽኑን ዓይነት አለመጠየቅ ነው፤ «ሌዘር» የአንድ መሣሪያ ስም አይደለምና። ፐልስድ ዳይ የሚባለው ሌዘር በ585 ወይም በ595 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚሠራ ሲሆን ዒላማው በደም ሥር ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም ነው፤ ይሁን እንጂ የጠይም ቆዳ ማቅለሚያ የሆነው ሜላኒን ይህንኑ ብርሃን ስለሚሻማ፣ ለእኛ ቆዳ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍራክሽናል የሚባሉት፣ ማለትም ባለ 1,540ና ባለ 1,550 ናኖሜትሮቹ እንዲሁም ባለ 10,600 ናኖሜትሩ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር፣ ዒላማቸው በቆዳ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ ሙቀታቸው ግን ጠይም ቆዳን ሊያጠቁር ስለሚችል ኃይላቸው ዝቅ ብሎ መጀመር አለበት። ፀጉር ለማስወገድ የሚውለው ሌዘር ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ «ለሸንተረርም ይሆናል» ተብሎ ሲቀርብ ቦርሳን አንሥቶ መውጣት ይሻላል። ሆድን በሙሉ ከማስነካት በፊት በትንሽ ቦታ አስሞክሮ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅም አይናቅ፤ ጥቁረቱ የሚወጣው ዘግይቶ ነውና።

ዋናው ስህተት ሕክምናዎቹን እንደ ሒሳብ መደመር ነው። ፍራክሽናል ሌዘር ጤነኛ ቆዳ በመካከል እየተወ ጥቃቅን ቁስሎችን ያወጣል፤ ማይክሮኒድሊንግ ይህንኑ በመርፌ ይሠራል፤ የአሲድ ልጣጭም የላይኛውን ሽፋን ያነሣል። ሦስቱም ጉዳት ናቸው፤ ፈውሱን የሚያመጣው ቆዳው ራሱን ሲጠግን የሚሠራው አዲስ ኮላጅን ነው። ሰኞ ሌዘር፣ ረቡዕ መርፌ፣ ዓርብ ልጣጭ የተደረገለት ሆድ ሦስት እጥፍ አይሻለውም፤ ያልዳነ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል ይደረብበታል፣ ከዚያም ይጠቁራል። የሆድና የታፋ ቆዳ ደግሞ ከፊት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ፈውስን የሚያፋጥኑት የፀጉርና የወዝ ጉድጓዶች በዚያ ጥቂት ስለሆኑ። በዚህም ምክንያት በአንድ ቦታ ላይ በሚደረጉ ሁለት ሕክምናዎች መካከል ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ቆዳው ካልተረጋጋ ከዚያም በላይ መቆየት የተለመደ ነው።

ሁለት ሕክምና በአንድ ቀን ፈጽሞ አይደረግም ማለቴ ግን አይደለም። ከማይክሮኒድሊንግ ወይም ከፍራክሽናል ሌዘር በኋላ ከራስ ደም ተለይቶ የሚወጣ ፕላዝማ መቀባት፣ ወይም የአንዱን ሌዘር ኃይል ቀንሶ ከሌላው ጋር ማዋል በቆዳ ሐኪሞች ዘንድ ያለ አሠራር ነው። ልዩነቱ አንድ ሐኪም አንድ ቆዳ አይቶ ያቀደው መሆኑ ላይ ነው። ሌዘሩን በአንድ ቦታ፣ ልጣጩን በሌላ ውበት ሳሎን፣ ክሬሙን ከጎረቤት ምክር ሲሰበስቡት፣ ሁሉንም የሚያውቀው ሰው አይኖርም። ትሬቲኖይን እየቀቡ ከሆነ ከሕክምናው ቀናት አስቀድሞ እንዲቆም፣ ለብጉር የሚዋጥ አይሶትሬቲኖይን በቅርቡ ወስደው ከሆነ ወይም ጠባሳዎ የሚያብጥ ከሆነ ይህንኑ ሐኪሙ እንዲያውቅ ማድረግ የታካሚው ድርሻ ነው።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ የሚሠራው ስህተት የራሳችን የአካባቢው ነው። የወለደች ሴት ወይባ ጢስ መሞቋ፣ ሙሽራ ሁሩድና ቀሲል (የእርድና የቅጠል ዱቄት) መቀባቷ በድሬዳዋም በሐረርም የምንወደው ወግ ነው፤ በጤነኛ ቆዳ ላይ ከሆነ እኔም አልቃወመውም። ሌዘር በነካው ቆዳ ላይ ግን የጢሱ ሙቀት እብጠቱን ያባብሳል፣ የሁሩዱና የቀሲሉ ፍትጊያም እየዳነ ያለውን ሽፋን ይልጣል። ስለዚህ ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪድን ድረስ ቫዝሊን የመሰለ ሽታ የሌለው ቅባት ብቻ ይበቃል። ሆድን በመቀነት አጥብቆ ማሰርም ለጊዜው ይቅር። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ላብ ከልብስ ጋር እየፈተገ ቁስሉን ስለሚያስቆጣ፣ ቀጠሮውን ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ማድረግ ይመረጣል። የሐረር ሰዎች «እኛ ጋ አየሩ ቀዝቃዛ ነው» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የፀሐይዋ ጨረር አይቀዘቅዝም፤ ክንድ ላይ የታከመ ሰው እዚያም ቢሆን መሸፈንና የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት ይገባዋል።

የመጨረሻው በሦስተኛው ሳምንት ላይ መፍረድ ነው። አዲስ ኮላጅን የሚሠራው በወራት ስለሆነ ውጤቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው በቅጡ የሚታየው፤ ያም ቢሆን መደብዘዝና መለስለስ እንጂ ፈጽሞ መጥፋት አይደለም። የነጣው መስመር ቀለሙ እንዲመለስ ባለ 308 ናኖሜትር ብርሃን ሊሞከር ቢችልም፣ የተገኘው ቀለም በጊዜ ስለሚለቅ መደጋገም ይጠይቃል። ለውጡን ለመከታተል መስተዋት አያስተማምንም፤ ከመጀመሪያው ሕክምና በፊት በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ከተመሳሳይ ርቀት ፎቶ አንሥቶ፣ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት ያንኑ መድገምና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል።