ስለ አንድ ተዋናይ የሥራ ምርጫ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ፣ በየብሎኩ ሥር ጀበና ቡና በሚፈላበት ቦታ የሚነሳው ክርክር ኳስ ብቻ አይደለም። ፊልምም አለ፤ ከተዋንያን መካከል ደግሞ የአሜሪካዊውን የዴንዘል ዋሽንግተንን ያህል ስሙ የሚነሳ፣ ሙገሳም ወቀሳም የሚበዛበት የለም። አንዱ «የፊልም ምርጫው ተበላሸ» ይላል፤ ሌላው «ምንም ቢጫወት ያምርበታል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ሰውየውን ከልባቸው ይወዱታል፤ እኔም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን በክርክራችን ውስጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ፤ ብዙዎቹም የሚመነጩት ተዋናይ ፊልሞቹን በሙሉ እንደ ልቡ የመረጠ አድርጎ ከማሰብ ነው። ተዋናይ የሚመርጠው ከቀረበለት ውስጥ ነው፤ የሚቀርብለትን ደግሞ ዕድሜው፣ ዘመኑ፣ የሚያምኑት ዳይሬክተሮችና ገንዘብ የሚያወጡት ኩባንያዎች ይወስኑታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያየንበትን ተራ የሥራው ተራ አድርጎ መውሰድ

በእኛ ሰፈር አብዛኛው ሰው ፊልም የሚያገኘው ከሱቅ በፍላሽ አስጭኖ ነው። ባለ ሱቁ የአንድ ተዋናይ ፊልሞችን በአንድ ፎልደር ሰብስቦ ይሰጣል፤ ፋይሎቹ የሚደረደሩት በፊደል ተራ ሲሆን፣ በአጠገባቸው የሚታየው ቀንም ብዙውን ጊዜ ፊልሙ የወጣበት ሳይሆን ፋይሉ የተገለበጠበት ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት በዚህ ሳምንት የ2014ቱን «ኢኳላይዘር» አይቶ በሚቀጥለው ሳምንት የ1989ኙን «ግሎሪ» ይከፍታል፤ ከዚያም ተዋናዩ ከአክሽን ጀምሮ ወደ ቁም ነገር የተሸጋገረ ይመስለዋል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዴንዘል በታኅሣሥ 1954 ተወለደ፤ ከ1982 እስከ 1988 «ሴንት ኤልስዌር» በተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሐኪም ሆኖ ተጫወተ፤ በ1987 «ክራይ ፍሪደም» ውስጥ የደቡብ አፍሪካውን ታጋይ ስቲቭ ቢኮን ሆኖ ቀርቦ ለኦስካር ታጨ፤ በ1992 ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያንን መብት ታጋይ ማልኮም ኤክስን ሆነ። ብቻውን ጠላቶቹን የሚበቀለው ሰው፣ ዛሬ ልጆቻችን የሚያውቁት ዴንዘል፣ በ2004 በ«ማን ኦን ፋየር» ጎልቶ ሲወጣ ተዋናዩ ሃምሳ ሊደፍን ተቃርቦ ነበር።

በመንደራችን የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ክርክሩ ሲጋጋል ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህን ሲጫወት ስንት ዓመቱ ነበር?» ይላሉ። በ1992 የ37 ዓመት ሰው ከነበረ ተዋናይ የሚጠበቀው ሚና በ2018 ለ63 ዓመቱ ሰው እንደማይቀርብ ይህ ጥያቄ ወዲያውኑ ያሳያል።

ፊልሙ ለእይታ የቀረበበት ቀንም የተዋናዩ ውሳኔ አይደለም። «ትሬኒንግ ዴይ» በመስከረም 2001 ወደ ሲኒማ ቤቶች ሊገባ ታስቦ የነበረ ሲሆን፣ በአሜሪካ ላይ በደረሰው የመስከረም 11 ጥቃት ምክንያት ወደ ጥቅምት ተገፋ። ስለዚህ «ለምን በዚያን ጊዜ ይህን ፊልም አወጣ» የሚለው ወቀሳ የሚመለከተው ኩባንያውን ነው።

ገጸ ባሕርይውን ከሰውየው ጋር ማምታታት

ይህ ስህተት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ማንም ሙሉ በሙሉ ያመለጠው አይመስለኝም። «አክተሩ አይሞትም» እየተባለ ያደገ ተመልካች፣ የሚወደው ተዋናይ ሁልጊዜ የእውነት ወገን ሆኖ እንዲያሸንፍ ይጠብቃል። «ትሬኒንግ ዴይ» ውስጥ ግን ዴንዘል አሎንዞ ሃሪስ የተባለ ሙሰኛ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ፣ አዲስ ባልደረባውን በአንድ ቀን ውስጥ ሊያበላሸው ሲሞክር፣ በመጨረሻም በጥይት ተደብድቦ ሲሞት እናያለን። ስለዚህ «ክብሩን አወረደ» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ቢኮም፣ ማልኮም ኤክስም፣ የ«ግሎሪ»ው ወታደርም፣ የ«ማን ኦን ፋየር» ጠባቂም እንደሚሞቱ ይዘነጋሉ፤ የዚህ ተዋናይ ገጸ ባሕርያት በብዛት የሚሞቱ ናቸው። አሎንዞ የሚለየው መሞቱ ሳይሆን ሲሞት የሚያለቅስለት አለመኖሩ ነው፤ ተመልካቹ ያን ያህል እንዲጠላው ማድረግም ታላቅ የትወና ሥራ ነው። አርአያነቱን በግል ሕይወቱ መጠየቅ ይቻላል፤ ከገጸ ባሕርይው መጠየቅ ግን ተዋናይን ሥራውን እንዳይሠራ መከልከል ነው።

ትርጉም ፊልም አይቶ ስለ ትወናው መፍረድ

በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ አካባቢ ለሚነሱት አለመግባባቶች ትልቁ ምክንያት ይህ ነውና። በአማርኛ ትርጉም ፊልም ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር ይናገራል፤ የተዋንያኑ ድምፅ ከሥር ዝቅ ብሎ ይቀራል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ ለማይከታተል ሁሉ ይህ ሥራ ትልቅ ውለታ ነው፤ ታሪኩን ያደርሳል፣ ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። ሆኖም የሰማነው የተራኪውን ድምፅ ስለሆነ፣ ስለ ዴንዘል ንግግር አወጣጥ፣ ቃላትን ስለሚያዘገይበትና ድንገት ስለሚያፈጥንበት መንገድ ለመፍረድ የሚያበቃ ነገር በጆሯችን አልገባም።

«ግሎሪ» ውስጥ ያለውን የግርፋት ትዕይንት እንውሰድ። ዴንዘል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከባርነት አምልጦ ወታደር የሆነውን ትሪፕን ይጫወታል፤ ትሪፕ ጦሩን ጥሎ ሄዷል ተብሎ በጓዶቹ ፊት እንዲገረፍ ይፈረድበታል። ልብሱ ሲገፈፍ ጀርባው ላይ በባርነት ዘመኑ የተገረፈበት ጠባሳ ይታያል። ጅራፉ ሲያርፍበት አይናገርም፤ ግርፋቱን ያዘዘውን አዛዥ ዓይን ዓይኑን እያየ ይቆያል፤ ፊቱ እንደ ደነደነ አንዲት እንባ በጉንጩ ትወርዳለች። ትዕይንቱ የቆመው በዝምታው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ትዕይንት በትርጉም ሲመጣና ተራኪው ዝምታውን በማብራሪያ ሲሞላው፣ ተመልካቹ ታሪኩን አግኝቶ ትወናውን ያጣል። ስለዚህ ስለ ታሪኩ ለመከራከር ትርጉሙ በቂ ነው፤ ስለ ትወናው ለመከራከር የሚፈልግ ግን ቋንቋውን ባይሰማ እንኳ ያንኑ ትዕይንት በመጀመሪያው ድምፅ ሊያየው ይገባል።

ሽልማትን ብቸኛ መለኪያ ማድረግ

«ደግ ሰው ሲጫወት ነፈጉት፣ ክፉ ሲሆን ሸለሙት» የሚለው አባባል በሰፈራችን እንደ ተረጋገጠ እውነት ይነገራል። በከፊል ልክ ነው። በመሪ ተዋናይነት ኦስካር ያገኘው በ2002 ለአሎንዞ ሃሪስ ሲሆን፣ ለማልኮም ኤክስ ታጭቶ በ1993 ሽልማቱ ለአል ፓቺኖ ተሰጥቷል። ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ በ1990፣ ለትሪፕ በረዳት ተዋናይነት ተሸልሞ ነበር፤ ትሪፕም ክፉ ሰው አይደለም። ደግሞም የ1993ቱን ውጤት ስናነሳ ፓቺኖ ለዓመታት ደጋግሞ ታጭቶ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ የቆየ ሰው መሆኑን መርሳት የለብንም፤ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አባላት ድምፅ ሲሰጡ የአንድን ዓመት ፊልም ብቻ እንደማይመዝኑ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ይህን ስል ቅሬታው መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ሲድኒ ፖይቲየር በ1964 በመሪ ተዋናይነት ካሸነፈ በኋላ ሌላ ጥቁር ወንድ ተዋናይ ያንን ሽልማት እስኪያገኝ 38 ዓመታት አልፈዋል፤ ያ ሰውም ዴንዘል ነበር። በዚያው ምሽት ሃሊ ቤሪ በመሪ ተዋናይትነት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። ይህ የአካዳሚውንና የኢንዱስትሪውን ታሪክ ይናገራል። ማልኮም ኤክስን የተጫወተበት ብቃት ግን ዋንጫ ስላላገኘ ከአሎንዞ ያንሳል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ እኔ እንዲያውም ከሥራዎቹ ሁሉ የማስቀድመው እርሱን ነው።

«ለገንዘብ ሲል ነው» ብሎ መዝጋት

ብዙ አድናቂዎች የዴንዘልን ፊልሞች አክሽንና ቁም ነገር ብለው ለሁለት ይከፍሉና፣ የመጀመሪያዎቹን ለገንዘብ፣ የኋለኞቹን ለሙያ የሠራቸው አድርገው ያስቀምጣሉ። ይህ አከፋፈል ትልቁን ነገር ያስመልጠናል፤ ተዋናዩ ከዘውግ ይልቅ የሚመላለሰው ወደሚያምናቸው ዳይሬክተሮች ነው። ከስፓይክ ሊ ጋር ከ1990 እስከ 2025 አምስት ፊልሞች ሠርቷል፤ «ማልኮም ኤክስ» አንዱ ነው። ከቶኒ ስኮት ጋርም ከ1995 እስከ 2010 አምስት ሠርቷል፤ «ማን ኦን ፋየር» ከእነዚህ ውስጥ ነው። «ትሬኒንግ ዴይ»ን ካዘጋጀው ከአንትዋን ፉኳ ጋርም እንዲሁ አምስት ናቸው፤ ሦስቱ የ«ኢኳላይዘር» ክፍሎች በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ቶኒ ስኮት በ2012 ከሞተ በኋላ የአክሽኑን መስመር ከ2014 ጀምሮ ከፉኳ ጋር ቀጠለው ብሎ ማንበብ፣ ለእኔ «ገንዘብ አማረው» ከማለት የተሻለ ማብራሪያ ይሰጣል። ክፍል ሁለት በሚባል ፊልም ውስጥ የተጫወተው በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2018 መሆኑም ሊታሰብ ይገባል፤ ገንዘብ ብቻ ቢመራው ኖሮ ይህን ያህል ዘመን አይጠብቅም ነበር።

ከዚህም በላይ በ2012 በወጣው «ፍላይት» ውስጥ ሰካራም አብራሪ ሆኖ ሲጫወት፣ ፊልሙ በ31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲሠራ እርሱም ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስም ከተለመደው ክፍያቸው እጅግ ያነሰ ተቀብለዋል። ለዚህም ሚና ለኦስካር ታጭቷል። የተውኔት ጸሐፊውን የኦገስት ዊልሰንን ሥራዎች ወደ ፊልም ለማምጣት ኃላፊነት መውሰዱንም እንጨምር፤ «ፌንስስ»ን በ2016 አዘጋጅቶም ተጫውቶም አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ በ2020ና በ2024 የወጡትን ሁለቱን ደግሞ በፕሮዲዩሰርነት አገዘ። አንድ ሰው በአንድ ዘመን ለሕዝብ መዝናኛ የሚሆነውንም፣ ለሙያው የሚቆረቆርበትንም ሊሠራ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም።

ያልተጫወተውን ፊልም በምኞት መቁጠር

«ያንን ፊልም እምቢ ባይል ኖሮ» የሚለው ወሬ ማለቂያ የለውም፤ አብዛኛውም ምንጭ የሌለው ነው። መቀበል ያለብን ተዋናዩ ራሱ የተናገረውን ነው። ዴንዘል «ሴቨን» እና «ማይክል ክሌይተን» የተባሉትን ፊልሞች እንዳልተቀበለ በራሱ አንደበት ተናግሯል፤ የሁለተኛው ጽሑፍ ግሩም ቢሆንም ዳይሬክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዘጋጅ ስለነበር መስጋቱንም አልደበቀም። ሚናውን የወሰደው ጆርጅ ክሉኒ ለኦስካር ታጨበት። ከዚህ ተነስቶ «ዋንጫ አመለጠው» ማለት ግን አያስኬድም፤ ዴንዘል ቢጫወተው ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆን ነበር። ቀደም ሲል እንዳየነው በሚያምናቸው ዳይሬክተሮች ላይ መደገፉ የጥንካሬው ምንጭ ነው፤ አዲስ ሰው ላይ መስጋቱም የዚያው ጠባይ ሌላ ገጽታ ነው።

መድረኩን መርሳት

በመጨረሻ የማነሳው ስህተት የአገራችንን ተዋንያንም ይነካል። የፊልም ዝርዝር ብቻ ይዞ «ሁለት ዓመት ጠፋ» ማለት የተለመደ ነው። ዴንዘል በ2010 በኒው ዮርክ የብሮድዌይ ቲያትር መድረክ «ፌንስስ»ን ተጫውቶ ቶኒ የተባለውን የቲያትር ሽልማት አግኝቷል፤ በ2014ና በ2018 ወደ መድረክ ተመልሷል፤ በ2025 ደግሞ ኦቴሎን ሆኖ ተጫውቷል። የፊልሙ «ፌንስስ» የተወለደው ከዚያ መድረክ ነው።

በእኛም አገር ብዙዎቹ ታላላቅ ተዋንያን ያደጉት በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቲያትር ነው። ወጋየሁ ንጋቱን ሕዝብ የሚያስታውሰው በመድረክ ሥራዎቹና «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በተረከበት ድምፁ ነው፤ በፊልም ብቻ ቢመዘን ታላቅነቱ አይገኝም። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ለገሃር ወይም ፒያሳ ደርሶ ቲያትር አይቶ ማታ መመለስ ከባድ ስለሆነ፣ የዳርቻው ነዋሪ ተዋንያኑን የሚያውቃቸው በስክሪን ብቻ እየሆነ መጥቷል። ይህ የነዋሪው ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም ስለ አንድ የአገራችን ተዋናይ «ከሙያው ራቀ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ በዚያው ጊዜ የትኛው ቲያትር ቤት እየሠራ እንደነበረ፣ የሬዲዮ ድራማ ይዞ እንደሆነ፣ ወይም ወጣቶችን እያሠለጠነ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል።