አልትራ ዋይድ ሌንስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

አልትራ ዋይድ፣ ማለትም በጣም ሰፊ ቦታ የሚያስገባ ሌንስ፣ ልግዛ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁን ክፈቱና የድሮ ፎቶዎቻችሁን እዩ። የመልሱ ግማሽ እዚያ ነው ያለው። አንድ ፎቶ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፤ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ የሚለውን ስትከፍቱ «ፎካል ሌንግዝ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። በስንት ሚሊ ሜትር እንዳነሳችሁት ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ የሚያየው ይሰፋል። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ያላችሁ ደግሞ የዓመቱን ፎቶ በሙሉ በአንዴ በዚህ መለየት ትችላላችሁ።

ብዙዎቻችን ያለን ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ ነው፤ ዙሙ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚሄደው። ፎቶዎቻችሁ በብዛት 18 ላይ ከሆኑ «በቃ ዋይድ ያስፈልገኛል» ለማለት አትቸኩሉ። 18 ላይ የሚነሳ ፎቶ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶ፣ ወደኋላ መሄጃ አጥታችሁ፣ የፈለጋችሁት ነገር አሁንም ከፍሬሙ የወጣባችሁ ነው። ሌላው ዙሙ 18 ላይ ስለነበረ ብቻ ያነሳችሁት፣ በኋላ ቤት ገብታችሁ ኤዲት ስታደርጉ ዙሪያውን የቆረጣችሁት ነው። ሁለተኛው ከበዛ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጠጋት ይበቃችኋል። የመጀመሪያው ከበዛ ግን ወሬው ይቀጥላል።

አልትራ ዋይድ የሚባለው በፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትልቅ በሆነ ካሜራ፣ ከ24 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ነው። እኛ እጅ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ካሜራዎች ግን ሴንሰራቸው ትንሽ ነው፤ ክሮፕ የምንላቸው። ስለዚህ የሌንሱን ቁጥር ለካኖን በ1.6፣ ለኒኮን፣ ለሶኒና ለፉጂ በ1.5 እናባዛለን። ካኖን ክሮፕ ላይ የገባ 10 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ16 ያህል ያያል ማለት ነው። «ከ18 ወደ 10 ምን ልዩነት አለው? 8 ሚሊ ሜትር ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ልዩነቱ ብዙ ነው። በካኖን ክሮፕ 18 ላይ ካሜራው ወደ ጎን የሚያየው 63 ዲግሪ ገደማ ሲሆን 10 ላይ 96 ይደርሳል። ሜትር ይዛችሁ ብትለኩት፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቃችሁ ቆማችሁ በ18 የሚገባላችሁ የግድግዳው 3.7 ሜትር ነው። በ10 ግን 6.7 ሜትር። እዚያው ቆማችሁ፣ ሳትነቃነቁ።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። አልትራ ዋይድ «ሁሉንም የሚያስገባ» ሌንስ ተደርጎ ነው የሚሸጠው። እኔ ደግሞ የምለው መጠጊያ ሌንስ ነው። ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ሩቅ ያለውን ያሳንሳል። ካልተጠጋችሁ ፎቶው ባዶ ነው።

ጅማ አጠገብ ያለው ኮረብታ ጅሬን ወጥታችሁ ከተማዋን ከላይ ለማንሳት አስቡ። ጅማን ከነኮረብታዋ በሙሉ ላስገባ ብላችሁ በ10 ብታነሱ የሚወጣው ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ሣር፣ መሀል ላይ ደግሞ ቀጭን መስመር የሆነች ከተማ ነው። ያ ፎቶ በ35 ወይም በ55 ቢነሳ ይሻላል። እዚያው ዞር በሉና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዩ። ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው፤ የእንጨት ሥራው ነው የሚገርመው። ሰገነቱ ሥር ገብታችሁ፣ አንዱን ምሰሶ ክንዳችሁ በሚደርስበት ርቀት ይዛችሁ፣ ሌሎቹ እያነሱ ወደ ውስጥ ሲሄዱ በ10 አንሱት። ሌንሱ ዋጋውን የሚያወጣው እንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ካሜራውን ወደ ላይ አታንጋጡት። ትንሽ ሲያጋድል ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። በኤዲት ይቃናል፣ ግን ሲቃና ዳር ዳሩ ይቆረጣል፤ ለስፋት የከፈላችሁትን መልሳችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

ቡናም እንደዚያው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ሲለቀም ቀዩ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ቆማችሁ ከላይ ካነሳችሁት ምንም አይደለም። በርከክ ብላችሁ ሌንሱን ከቡናው ስንዝር ተኩል አድርሱት፤ ከፊት ፍሬው ይገዝፋል፣ የአልጋው መስመር ወደ ውስጥ ይሮጣል፣ የሚያገላብጡት ሴቶች ከነእጃቸው ይገባሉ። በቡና ንግድ ላይ ያሉ ሰዎች ለገጻቸው የሚፈልጉት ፎቶ እንደዚህ ያለ ነው፤ ይከፍሉበታልም።

ወደ እንጀራችን እንምጣ፤ ሰርግ። ጅማ ውስጥ ካሜራ ይዞ የሚኖር ሰው አብዛኛው ገቢው ከሰርግና ከዩኒቨርሲቲው ምርቃት ነው። «ቤተሰብ ሁሉ አንድ ፎቶ ላይ ይግባልኝ» የሚባልበት ሰዓት ሲመጣ ዋይዱን ለማውጣት እጅ ያሳክካል። አታውጡት። ይህ ሌንስ ቀጥ ያለን መስመር ቀጥ አድርጎ ለማቆየት ሲል ዳር ያለውን ይለጥጣል። ግድግዳ ሲለጠጥ ማንም አያስተውልም፤ ፊት ሲለጠጥ ግን ሁሉም ያያል። ዳር የቆሙት የሙሽራው እናት አልበሙን ገልጠው «ምነው ልጄ፣ ይሄን ያህል ወፍሬያለሁ እንዴ?» ቢሏችሁ ስለ ኦፕቲክስ ማስረዳት አትችሉም። ለቡድን ፎቶ ወደኋላ ሂዱ፣ ሰውን በረድፍ ደርድሩ፣ ከፊት ሽማግሌዎችን አስቀምጡ፣ በ24 ወይም በ35 አንሱ።

ታዲያ ሰርግ ላይ አይጠቅምም? ይጠቅማል፣ ግን ለጥቂት ፎቶ። ሙሽራዋ የምትለብስበት ጠባብ ክፍል አለ፤ ሚዜዎቹ፣ እህቶቿ፣ ሜካፕ የምትሠራዋ፣ ሁሉም ታጭቀው የሚተራመሱበት። እዚያ 18 አይበቃም። አዳራሹ ሰው ሳይገባበት ከነዲኮሩ ይነሳል። ጭፈራው ሲደምቅ ደግሞ ክቡ መሀል ገብታችሁ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆናችሁ የምታነሱት አለ፤ በጣም አሪፍ ነው የሚወጣው። በእነዚህ ሁሉ ሙሽራዋን መሀል አካባቢ አድርጓት፣ ጥግ ላይ አይደለም። እንግዲህ ከአንድ አልበም ውስጥ እነዚህ ስንት ገጽ ይይዛሉ? እሱን ራሳችሁ ቁጠሩት።

ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ የሚከራይና የሚሸጥ ቤት የምታነሱ ከሆነ ግን ብዙ አታስቡ፣ ግዙት። ለዚህ ሥራ ምትክ የለውም። ትራይፖድ ላይ ደረት ከፍታ አድርጉት፣ አስተካክላችሁ አቁሙት፣ ጥግ ይዛችሁ አንሱ። 10 ላይ ባታደርሱት ደስ ይለኛል፤ 12 እና 14 አካባቢ ክፍሉ ክፍል ይመስላል። በ10 የተነሳች ትንሽ መኝታ ክፍል አዳራሽ ትመስልና ደንበኛው መጥቶ ሲያያት ከባለቤቱ ጋር ይጣላል።

ስታዲየም ኳስ ለማንሳት፣ ቦዬ ረግረግ ወርዳችሁ ጉማሬና ወፍ ለማንሳት ካሰባችሁ ደግሞ የምትፈልጉት ተቃራኒውን ነው፤ ቴሌ፣ ሩቁን የሚያቀርበውን ሌንስ።

አሁንም እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነፃ ፈተና አለ። ስልካችሁ 0.5 የሚል ካሜራ ካለው እሱ ራሱ አልትራ ዋይድ ነው። የብዙዎቹ ስልኮች 0.5 በፉል ፍሬም ሲሰላ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ካኖን ላይ ከገባው 10 እንኳን ትንሽ ይሰፋል። ለአንድ ሳምንት ወደ 1 ሳትመለሱ በ0.5 ብቻ አንሱ። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውጡ፣ ፈረንጅ አራዳ የድሮዎቹን ቤቶች አንሱ፣ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣችሁ ሹፌሩን ከነመንገዱ አንሱት፤ አስፈቅዳችሁ ታዲያ፣ በዚህ ርቀት ተደብቆ ማንሳት የለም። የፎቶውን ጥራት አትዩት፣ የስልክ 0.5 ማታ ላይ ድሮም ደካማ ነው። የምታዩት ፍሬሙን ነው። በሳምንቱ መጨረሻ «ይሄን ለሰው ባሳይ አላፍርም» የምትሉት ካልተገኘ፣ ወይም በሁለተኛው ቀን ሰልችቷችሁ ወደ 1 ከተመለሳችሁ፣ ሌንሱ ተገዝቶም ቦርሳ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

የፍላጎታችሁ ዋናው መልክዓ ምድርና ሕንፃ ከሆነ ፓኖራማም አለላችሁ። ካሜራውን ወደ ቁም አዙሩት፣ ብርሃኑን ማኑዋል ላይ ቆልፉት፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞራችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር ሲሶውን እንዲጋራ አድርጋችሁ አምስት ስድስት አንሱ። ሃጊን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይገጣጥመዋል። የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ፣ ወይም ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ አፍንጫችሁ ሥር ዕቃ ካለ ግን አይገጥምም።

ልግዛ ካላችሁ ካሜራችሁ ነው የሚወስነው። ለካኖን ክሮፕ በ2014 የወጣው ኢኤፍ-ኤስ 10-18 አለ። 240 ግራም ብቻ ነው፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ይከላከላል፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ድክመቱ ብርሃን ነው፤ ከኤፍ 4.5 ይጀምራል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብርሃን የሚበዛው። ኤፍ 2.8 የሆነው ቶኪና 11-16 ከእሱ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፣ ይከብዳል ግን። መንቀጥቀጥ መከላከያው የእናንተን እጅ እንጂ የሚጨፍረውን ሰው እንደማያቆም አትርሱ። የማታ አዳራሽ በብዛት የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ቪዲዮ ከሆነ፣ ወደ 2.8 አድሉ።

ኒኮን የያዛችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። በ2017 የወጣው ኤኤፍ-ፒ 10-20 ቀላልና ጥሩ ሌንስ ነው፤ ነገር ግን ዲ3100፣ ዲ5100፣ ዲ90 እና ዲ7000 ላይ ፎከስ አያደርግም፤ በእጅም ቢሆን። ሌንሱ ይገባል፣ ፎቶው ግን ይደበዝዛል። የመጀመሪያው ዓይነት ቶኪና 11-16 ደግሞ ውስጡ ሞተር ስለሌለው የዲ3000 እና የዲ5000 ዘሮች ላይ በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚደረገው። ሻጩ «ለኒኮን ነው» ቢላችሁ አይበቃም።

ሚረርለስ (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት) ካኖን ላላችሁ ከ2023 ጀምሮ አርኤፍ-ኤስ 10-18 አለ፣ 150 ግራም ነው። አዳፕተር (ማገናኛ) ካላችሁ የድሮው ኢኤፍ-ኤስም ይሠራል። በቅርቡ ወደ ካኖን ፉል ፍሬሞቹ 6ዲ ወይም 5ዲ ላድግ ነው የምትሉ ግን ኢኤፍ-ኤስ እዚያ ላይ ጭራሽ አይገባምና ታገሡ። ያኔ ስለ ፉል ፍሬሙ 16-35 ሌንስ እንነጋገራለን።

ያገለገለ ስትገዙ ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነው፤ ፈንገስ። የጅማ ዝናብና እርጥበት ሌንስን አይምርም፤ ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ያበቅላል። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ በኩል አስገቡና ከፊት እዩት። ነጭ ክር ካያችሁ ርካሽ ቢሆንም ተዉት። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፋችሁ በሰፊው በኩል ፊት ለፊት አንሱትና አራቱን ጥግ አስተያዩ። አራቱም ትንሽ ቢደክሙ የተለመደ ነው፤ አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቋል ወይም ተፈታቶ ተገጥሟል። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፎቶ አምናችሁ ብር አትላኩ። እዚያ ያለ ወዳጅ የእናንተን ዓይነት ካሜራ ይዞ ይሂድላችሁ። እጃችሁ ከገባ በኋላ የሚታሸግ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት።

ስለ ብር ደግሞ ግልጽ ልሁን። ሰርግ እየሠራችሁ ፍላሽ (የካሜራ መብራት) ከሌላችሁ ይህን ሁሉ ያነበባችሁት በከንቱ ነው፤ መጀመሪያ ፍላሽ ግዙ። ከዚያ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ። ዋይዱ ሦስተኛ ነው። ፍላሹም 50ውም ካለ ግን ለሁለት ሥራ ተከራዩት ወይም ከባልደረባ ተዋሱት። ሦስተኛው ሥራ ላይ እንደገና ለመዋስ ስትደውሉ ራሳችሁን ካገኛችሁት የራሳችሁን ግዙ።

በጀታችሁ ውስጥ ጥቃቅኑንም አስገቡ። የካኖኑ 10-18 የፊት መስታወት 67 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ18-55 ፊልተራችሁ አይገጥምም፣ የፀሐይ መከላከያ ሁዱም ለብቻው ነው የሚሸጠው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማይን የሚያጠቁር ፊልተር) አትግዙለት፤ በዚህ ስፋት ሰማዩን ግማሹን አጥቁሮ ግማሹን አንጥቶ ያወጣዋል።