ድሬ ላይ የኮሮናን ማግስት ለምታጠኑ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉልን

ለመመረቂያ ጥናት ድሬዳዋ የሚመጡ ልጆች መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ከኮሮና ወዲህ የመገጣጠሚያ ሕመም አለብዎት?» እማማ «አለብኝ እንጂ!» ይላሉ። ልጁ ምልክት ያደርጋል። አለቀ። የኮሮና ጦስ ተባለ።

ቆይ እንጂ! እማማ በ2011 ክረምት እንዴት ነበሩ? ያን ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ድሬን አልጋ ላይ አውሏት ነበር፤ ቤተሰብ ተራ በተራ ይወድቅ ነበር። የዚህ በሽታ ትኩሳቱ ቶሎ ያልፋል። ቁርጥማቱ ግን ለወራት፣ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት ይቆያል። ኮሮና አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በመሃሉ ዓመት እንኳ አልሞላም! በ2006 ደግሞ ደንጊ የሚባለው ሌላው የትንኝ በሽታ ነበር። በ2014 ወባ ተነሣብን፤ አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የምትባለው፣ ከተማ መሃል የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው ትንኝ ያመጣችው። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ ኮሮና ላይ መለጠፍ ምን የሚሉት ጥናት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ያወጣው የረጅም ጊዜ ኮቪድ ትርጓሜ ሦስት ነገር ይላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ 3 ወር ላይ ይታያል፤ ቢያንስ 2 ወር ይቆያል፤ በሌላ ምርመራ ሊብራራ አይችልም። ልጆቹ ቁጥሮቹን ይሸመድዱና ሦስተኛውን ይዘሉታል። ድሬ ላይ ትልቁ ሥራ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። ስለ 2011 ሳትጠይቁ ከዚያ ቤት አትውጡ።

«ኮሮና ይዞዎት ነበር?» ብላችሁም አትጀምሩ። ብዙው ሰው አልተመረመረም፤ «አልያዘኝም» ሲል «አልተመረመርኩም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሽታና ጣዕም ጠፍቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ወሩን በስሙ መጠየቅም ዋጋ የለውም። «ተራዊሕ ቤት ከተሰገደበት ረመዳን በፊት ነው በኋላ?» ስትሉ ግን መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ተራዊሕ የረመዳን የሌሊት ሶላት ነው። ለክርስቲያኑ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ አለላችሁ።

ዓመተ ምሕረት ላይ ደግሞ የማየው ጉድ አያልቅም። አንዱ ዓምድ ላይ 2012 እና 2020 ተደባልቀው ይመጣሉ፤ ይህስ ቶሎ ይታያል። የሚያታልለው የበጀት ዓመቱ ነው። የጤና ተቋም የ2012 ሪፖርት ከሐምሌ 2011 ይጀምራል። ከ12ቱ ወራት ስምንቱ በሽታው ከመግባቱ በፊት ያለፉ ናቸው። እሱን «የኮሮና ዓመት» ብሎ ከ2011 ጋር ማወዳደር ለውጡን ያሟሟዋል። በወር በወር ስጡን ብላችሁ ለምኑ፤ ይሰጧችኋል።

መዝገብ ላይ የታካሚ ቁጥር ወረደ ማለት ሕመም ቀነሰ ማለት አይደለም። ሰው ፈርቶ ቤቱ ቀርቶ ይሆናል።

መጠይቁን በር ላይ ቆማችሁ ወደ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አትተርጉሙ። አስቀድማችሁ አስተርጉሙት።

ከምሳ በኋላም አትሂዱ። ሙቀቱም አለ፣ የጫት በርጫውም አለ። ምርቃና ላይ ያለን ሰው «ድካም ይሰማዎታል?» ብትሉት ምን እንዲላችሁ ነው? ጠዋት ሂዱ። ያኔም ቢሆን ይቅም እንደሆነና መጨረሻ የቃመው መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ የጠዋት ሀራራም ከኮሮና ድካም ጋር ይምታታል።